ለቀይዋ መብራት እጅ ያልሰጡ

የከተማችን ሹፌር ከሌላው ዓለም ሹፌር በምን ይበልጣል ብባል በጡሩምባው አልልም፤ በጽናቱ እላለሁ። የመኪና ፋብሪካዎች ባሕር ላይ የቆመች ቴርሞሜትር የምትመስለውን ቀይ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ ያኖሩት፣ ሰው ባያት ጊዜ ሞተሩ ከመጠን በላይ መጋሉን አውቆ፣ ደንግጦ ዳር እንዲይዝ ነው። የእኛ ሰው ግን ስንቱን ያየ ስለሆነ አንዲት የምስር ፍሬ የምታክል መብራት ቀላች ብሎ ጉዞውን አያስተጓጉልም። «ትንሽ ነው የቀረን፣ ታደርሰናለች» ይላል። ታደርሳለችም፤ የት እንደምታደርስ ግን የሚያውቀው ጋራዡ ነው።

በቅርቡ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ በምትወጣ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ልክ የሙቀቷ መብራት ባለችበት ቦታ ላይ «እሱ ያውቃል» የሚል፣ አውራ ጣት የሚያክል ወረቀት ተለጥፏል። ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም፤ ዳገቱ ሲጠና ግን በወረቀቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀይ ብርሃን እንደ ጸዳል ሾልኮ ሲወጣ አየሁና ተረዳሁ። ጥቂት ቆይቶ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ። ከኋላ የተቀመጡ እናት «ኧረ ልጄ፣ የሚሸት ነገር አለ» ቢሉ ረዳቱ ፊቱን እንኳ ሳያዞር «ፍሬን ነው እማማ» አላቸው። ሽቅብ እያቃሰተች የምትወጣ መኪና ፍሬኗ በምን ምክንያት እንደሚሸት የጠየቀ ተሳፋሪ አልነበረም፤ ሹፌሩም የሙዚቃውን ድምፅ ከፍ አድርጎ የሞተሩን እሮሮ ሥርዓት አስያዘው። እንዲህ ያለውን መረጋጋት የሚያስተምር የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ባውቅ ልጄን እልክ ነበር።

ሙቀቱን በመርፌ የሚያሳይ ጌጅ ያላቸው መኪኖች ሹፌሮች ከዚህም የጠለቀ ፍልስፍና አላቸው። መርፌዋ ወደ ላይ ስትወጣ በትዕግሥት ይመለከቷታል፤ በድንገት ቁልቁል ስትወርድ ደግሞ «አየህ፣ በራሷ በረደች» ብለው ይደሰታሉ። ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር በትክክል የሚሠራው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ውስጥ እንደተነከረ ሲቆይ ነው፤ ፈሳሹ ጎድሎ አየር ላይ ከቀረ የሚናገረው ስለ አየሩ እንጂ እየነደደ ስላለው ብረት ላይሆን ይችላል። ራዲያተሩን እስከ መጨረሻው ጠብታ አስጨርሶ መርፌዋን ዝም ያሰኘ ሹፌር እንግዲህ ወሬ ነጋሪዋን በውሃ ጥም ቀጥቶ አፏን ያስያዘ ብልህ ነው። እንደ ቪትዝ ካሉት ትንንሽ መኪኖች ብዙዎቹ ጌጅም የላቸውም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላቸው፤ በመካከል ያለው ሁሉ ምስጢር ነው። ይህ ለባለቤቱ ትልቅ እፎይታ ነው፤ አስቀድሞ የሚጨነቅበት ነገር አልተሰጠውምና።

ስለ ውሃው ካላነሳሁ ግን ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። ባለቀለሙን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ኩላንትን፣ ገዝቶ፣ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሎ መጨመር ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው፤ የእኛ ጀግና ከወንበር ሥር የምትንከባለል ሃይላንድ አለችው። ሃይላንዷ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ሲሆን፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን መተላለፊያዎችም ውስጥ ይጋገራል፤ ዝገት የሚከላከል ነገር ስለሌለውም ብረቱን ከውስጥ ቀስ እያለ ይበላዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጤነኛ ሞተርም ሥራውን የሚሠራው በ90 ዲግሪ ዙሪያ ነው። ይህችን የጠበበች ልዩነት የሚያሰፉልን ኩላንቱና ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ናቸው። ክዳኑ ጎማው አልቆ እንፋሎት ሲያመልጠው ሹፌራችን በፌስታል ጠቅልሎ መልሶ ይገጥመዋል። ሽሮ በሚንተከተክበት ሙቀት ከተማ ለከተማ መዞር ይህን ያህል ቀላል ነው።

ፈሪዎች ምን እንደሚያደርጉ ይታወቃል። ሙቀቱ ገና ሲጨምር ኤሲ ያጠፋሉ፤ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍተው፣ እነሱ በላብ እየተጠመቁ፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ራሳቸው ይስባሉ፤ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጠፉና ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ይጠብቃሉ፤ ሲበርድ ብቻ የመጠባበቂያዋን ፕላስቲክ ዕቃ አይተው በሁለቱ መስመሮች መካከል እስኪደርስ ይሞላሉ። አልፈው ተርፈው ከየት እንደፈሰሰ ይፈልጋሉ! የእኛ ሰው ገና ኮፈኑ እንደተከፈተ ጨርቅ ይዞ ክዳኑን ይፈታል። ፍል ውሃው ወደ ሰማይ ሲተኮስ ዙሪያውን የከበበው አማካሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይዘላል፤ ሲረጋጋ ተመልሶ ምክሩን ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ ቀዝቃዛው ውሃ በጋለው ብረት ላይ ይፈስሳል፤ የሞተሩ ራስ የሆነው ቴስታታ መሰንጠቅ ካለበት የሚሰነጠቀው ይኼኔ ነው። ከተሰበሰቡት መካከል «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፤ እኔ ካወጣሁት ሦስት ዓመቴ» የሚል አንድ ሊቅ አይጠፋም። ፈሳሹን እስኪሞቅ የሚያግደው በር ወጥቷልና፣ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ እየዞረ ቤንዚን ሲጠጣበት፣ ይህ ሊቅ የሚያማው ማደያውን ነው።

ጎረቤቴን ባለፈው ሳምንት አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የቴስታታው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ተቃጥሎ ውሃው ከዘይቱ ጋር ስለተቀላቀለ፣ የዘይት መክደኛው ከውስጥ በኩል የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ለብሷል። ወጣቱ መካኒክ መክደኛውን እያገላበጠ «ጋሼ፣ መብራቷ አልበራችም ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«ኧረ በርታለች» አለ ጎረቤቴ በኩራት፤ «ሁለት ወር ሙሉ። አምፖሏ ጎበዝ ናት።»

መካኒኩ ሞተሩ ሲገጠም የሚሞላ ኩላንት ገዝቶ እንዲመጣ ነገረው። ጎረቤቴ ዋጋውን ጠየቀ፤ ሰማ፤ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከኋላ ወንበር ሥር ሃይላንዷን አወጣና ቧንቧው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ።