ዢዜል ይቅር ማለት ነበረባት?

«የቆየ ሥራ አይነካም» የሚሉ የባሌት ወዳጆች አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ የሚወዱት ነገር ተበላሽቶ ማየት አይፈልጉም። እኔ ግን «ዢዜል» የተባለው ባሌት እስከ ዛሬ የኖረው ሰዎች ስለነኩት ነው ባይ ነኝ።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ዢዜል ልቧን የሚያማት፣ ጭፈራ የምትወድ የገጠር ልጅ ናት። መስፍኑ አልብሬክት ገበሬ መስሎ ይቀርባትና ታፈቅረዋለች። ማንነቱ ሲጋለጥና ሌላ እጮኛ እንዳለችው ስታውቅ አእምሮዋ ተነክቶ ትሞታለች። ከሠርጋቸው በፊት የሞቱ ልጃገረዶች መናፍስት ዊሊ ይባላሉ፤ ሌሊት በጫካ ያገኙትን ወንድ እስኪሞት ያስጨፍሩታል። ዢዜልም ከእነሱ አንዷ ትሆናለች። አልብሬክት እጃቸው ላይ ሲወድቅ ግን ዢዜል ጎህ እስኪቀድ ከለላ ሆና ታተርፈዋለች።

ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1841 በፓሪስ ኦፔራ ነው። ካርሎታ ግሪሲ ዢዜልን ሆና ደነሰች፤ ሙዚቃው የአዶልፍ አዳም፣ ኮሪዮግራፊው (የዳንሱ ቅንብር) የዣን ኮራሊና የዡል ፔሮ ነበር። ፓሪስ ግን ከ1868 በኋላ ተወችው። ያቆየችው ሴንት ፒተርስበርግ ናት፤ እዚያም ኮሪዮግራፈሩ ማሪየስ ፔቲፓ ደጋግሞ አሻሽሎታል። የዲያጊሌቭ የሩሲያ ባሌት ቡድን በ1910 ዳንሰኞቹን ካርሳቪናንና ኒጂንስኪን ይዞ ወደ ፓሪስ ሲመልሰው፣ ፈረንሳውያን የገዛ ሥራቸውን ከእንግዳ እጅ ተቀበሉ። እንግዲህ «ዋናው» ብለን የምንሟገትለት ራሱ በብዙ እጅ ያለፈ ነው።

ለዳንሰኞች ትልቁ ፈተና የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ፣ ዢዜል የምታብድበት ትዕይንት ነው። ጸጉሯ ተበትኖ ትከሻዋ ላይ ይወድቃል። ሰይፉን ስለቱን ይዛ መሬት ለመሬት ትጎትተዋለች። ከአልብሬክት ጋር የደነሰችውን ትጀምርና መሐል ላይ ይጠፋባታል፤ እጇ ላይ የሌለ አበባ ቅጠሉን ትነቅላለች። እዚህ ላይ የእግር ጥበብ ብቻውን አያዋጣም። ኩባዊቷ አሊሲያ አሎንሶ ዓይኗን ታክማ ሳትንቀሳቀስ እንድትተኛ በታዘዘችበት ወቅት ይህንን ሚና ያጠናችው ጣቶቿን አልጋዋ ላይ እያስደነሰች ነበር። በ1943 በታመመችው አሊሲያ ማርኮቫ ፋንታ ኒው ዮርክ ውስጥ መድረክ ላይ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኗ እየደከመም ቢሆን ለአሥርት ዓመታት ዢዜልን ደንሳለች።

ኮሪዮግራፈሮች የተመላለሱበት ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ነው። ስዊድናዊው ማትስ ኤክ በ1982 ጫካውን ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለወጠው። አክራም ካን በ2016 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ባሌት በሠራው ዢዜልን ከተዘጋ የልብስ ፋብሪካ የተባረረች ስደተኛ አደረጋት። የአሜሪካዊው የአርተር ሚቼል መንገድ ግን ሌላ ነው። የሃርለም ዳንስ ቲያትሩ በ1984 ባቀረበው ዝግጅት ዳንሱን ብዙም አልነካውም፤ የለወጠው ቦታውን ነው። ታሪኩን በ1840ዎቹ ሉዊዚያና፣ ነጻ በወጡ ጥቁሮች መካከል አደረገው። በዚያ ማኅበረሰብ የሰው ክብር የሚለካው ቤተሰቡ ከባርነት ከወጣ ስንት ትውልድ እንደሆነው ነበር። በመስፍንና በገበሬ መካከል የነበረው አጥር እዚያ ሲተከል የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው።

ከሁሉም በላይ የምሟገትለት የደቡብ አፍሪካዊቷ የዳዳ ማሲሎ ሥራ ነው። ሶዌቶ ያደገችው ማሲሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረበችው «ዢዜል» የዊሊዎቹ ንግሥት ሚርታ ሳንጎማ፣ ማለትም ባህላዊ ፈዋሽ ናት። ዊሊዎቹ ቀይ ለብሰዋል፤ ወንዶችም አሉባቸው። ዢዜል ደግሞ ይቅር አትልም። አልብሬክትን ትገድለዋለች።

ይህ ታሪኩን ማጣመም ነው የሚል ሰው የመጀመሪያውን ሥራ መልሶ ይመልከት። የመጀመሪያው ክፍል የተፈጸመባትን በደል አንድ በአንድ ካሳየን በኋላ ሁለተኛው ፍርዱን ለእሷ ይተወዋል፤ ሚርታ ግደይ ትላታለች፣ እሷ እምቢ ትላለች። ምርጫ ባይኖራት ምሕረቷ ዋጋ አይኖረውም ነበር። ማሲሎ ያደረገችው ያንን ምርጫ ከምር መውሰድ ነው። እኔ አሮጌውን ፍጻሜ እወደዋለሁ፤ ጎህ ሲቀድ ዢዜል ወደ መቃብሯ ስትመለስ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል። የማሲሎን ካየሁ በኋላ ግን ያንን ምሕረት ከሴት ልጅ እንደሚጠበቅ ግዴታ አድርጌ ማየት አቁሜያለሁ።

ማሲሎ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ፣ ገና በ39 ዓመቷ አረፈች። የፓሪሱ «ዢዜል» በሩሲያ የዳነው ቲያትሮች ሳያቋርጡ ስለደነሱት፣ እንቅስቃሴውም በወረቀት ላይ በምልክት ስለተጻፈ ነው፤ የሴንት ፒተርስበርግ ባሌት አዘጋጅ የነበረው ኒኮላይ ሰርጌዬቭ ያንን ጽሑፍ ከሩሲያ ይዞ ወጥቶ ፓሪስና ለንደን ላይ ሥራውን ዳግም አቁሞበታል። የማሲሎ ሥራም ይህ ይገባዋል። «ዢዜል»ን በየዓመቱ የሚያቀርቡ ትልልቅ ቲያትሮች የእሷንም ዳንሰኞቿ በአካላቸው ይዘውት ሳለ ይጻፉት፣ ያስተምሩት፣ ከአሮጌው ጎን መርሐ ግብራቸው ውስጥ ያስገቡት።