በሽንት ብቻ አይደለም

መድኃኒት ከሰውነት እንዴት እንደሚወጣ የሚያስረዳ ጽሑፍ አነበብኩ፤ የሚወጣው በኩላሊት ነው ብሎ አለፈው። ልክ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ኩላሊት በቀላሉ የሚያስወጣው ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ነው። ስብ ውስጥ የሚሟሟውን ቢያጣራውም አብዛኛው ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ጉበት ይቀይረዋል። ከዚያ አንዱ ወደ ኩላሊት፣ ሌላው በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይሄዳል። አንጀት ደርሶ እንደገና ወደ ደም የሚመለስም አለ። ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ ጃንጥላ ረሳሁ ብሎ እንደሚመለስ እንግዳ በሉት።

ሪፋምፒሲን የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የወሰደ ሰው መድኃኒት በሽንት ብቻ እንደማይወጣ በዓይኑ አይቷል። ሽንቱ ብቻ ሳይሆን ላቡና እንባውም ብርቱካናማ ይሆናል። ለስላሳ የዓይን ሌንስ የሚያደርግማ ሌንሱ ቀለም ይዞ ሊቀር ይችላል። የማደንዘዣ ጋዝ ደግሞ በአብዛኛው በትንፋሽ ነው የሚወጣው።

«ውሃ በብዛት ከጠጡ መድኃኒቱ ቶሎ ይታጠባል» የሚለው የጽሑፉ ሐሳብ ግን አልተዋጠልኝም። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ስለጨመርን ለአብዛኞቹ መድኃኒቶች ያን ያህል ለውጥ የለም።

አባቴ ለልቡ ዲጎክሲን ይወስድ ነበር። አንድ ሰሞን ምግብ ዘጋው፣ ያቅለሸልሸው ጀመር። እኛ ጨጓራ ነው ብለን ዝም አልን። ለካ ኩላሊቱ ደክሞ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ ኖሯል። የኩላሊትን አቅም ለማወቅ በደም ውስጥ የሚለካው ክሬቲኒኑ እኮ ብዙም አልጨመረም ነበር! ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚመጣ ስለሆነ፣ ጡንቻቸው በሳሳ አረጋውያን ቁጥሩ ደህና መስሎ ያታልላል። ሐኪሙ መጠኑን ሲቀንስለት ቀስ በቀስ መብላት ጀመረ።