ግብዣው ይመጣል፣ እኛ እንቀራለን

«እንኳን ደስ አለህ፣ ተመርጠሃል!» የሚል የውጭ ስብሰባ ግብዣ በኢሜይል ሲገባልኝ ሆዴ ባር ባር ይላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከወዲሁ ይደክመኛል። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለኋ።

ወዳጅ ዘመድ ግን አያውቅም። «አንተ ምን አለብህ፣ በአካባቢ ጥበቃ ስም ፈረንጅ አገር ትንሸራሸራለህ» እባላለሁ። እናቴ ደግሞ ገና ፎርም ሳልሞላ ለሰፈሩ ሁሉ ታወራለች። ከዚያ ቪዛው ይከለከላል። እድር ላይ፣ ቡና ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ «እንዴ፣ አልሄድክም?» ነው። ስለ አየር ንብረት ካስረዳሁት ይልቅ ለምን እንዳልሄድኩ ያስረዳሁት ይበልጣል።

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። ኮፕ የሚባለው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በቴሌቪዥን የምታዩት የኅዳሩ ድግስ ነው። ዋናው ጭቅጭቅ ግን ቀደም ብሎ ነው የሚጀመረው። በየዓመቱ ሰኔ አካባቢ ተደራዳሪዎች ጀርመን ቦን ላይ ተሰብስበው ለኅዳር በሚቀርበው ረቂቅ ላይ ቃል በቃል ይሟገታሉ። ወጣቱ እዚያ የሚገባው ዮንጎ በሚባል፣ የተባበሩት መንግሥታት በሚያውቀው ስብስብ በኩል ነው። ከኮፕ በፊት ደግሞ ኮይ የሚሉት የወጣቶች ጉባኤ አለ። የአረንጓዴ ፓርቲ ወጣቶችም የራሳቸው ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ የበጋ ካምፕ፣ ምኑ ቅጡ። አብዛኛው አውሮፓ ነው። አውሮፓ ማለት ደግሞ ሸንገን ነው፤ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት ቪዛ።

ሚያዝያ 21 ቀን 2016 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በእኛ በኢትዮጵያውያን ቪዛ ጠያቂዎች ላይ ውሳኔ አሳለፈ። በ15 ቀን ያልቅ የነበረው ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ 45 ቀን ሆነ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ። ሰነድ ላይ ይደረግ የነበረ ማቅለል ቀረ። የዲፕሎማት ፓስፖርት የያዘው ሳይቀር ክፍያ ይክፈል ተባለ። ምክንያቱ መንግሥታችን ያለ ፈቃድ እዚያ የሚኖሩ ዜጎቹን በመመለስ ጉዳይ በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። እሺ፣ መንግሥታቱ አልተግባቡም። እኔ ምን አገባኝ?

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አዘጋጆቹ የግብዣ ደብዳቤ የሚልኩት ስብሰባው አንድ ወር ሲቀረው ነው። ቪዛው 45 ቀን ይፈጃል። ቀጠሮ እስኪገኝ የሚባክነው ሳይቆጠር ነው ይሄ። ታዲያ በየት በኩል ልድረስ? ሕጉ ከጉዞው 6 ወር በፊት ማመልከት ይፈቅዳል። ያለ ደብዳቤ ምን ብዬ ላመልክት? «ሊጋብዙኝ አስበዋል መሰለኝ» ብዬ? ይህንኑ ለአንዲት አዘጋጅ ጻፍኩላት። «ኧረ? እኔ እኮ መታወቂያዬን ይዤ ባቡር ላይ መውጣት ብቻ ነው» አለችኝ። ክፋት የለባትም። የቪዛ ወረፋ ምን እንደሆነ በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

ሰነዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የሚያርፉበት ቦታ ማረጋገጫ፣ የአውሮፕላን ቡኪንግ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ። እዚህ ሰፈሬ ብታመም 30,000 ብር የሚሸፍንልኝ የለም። ስቴትመንቱን በተመለከተ የሁላችንም ዘዴ አንድ ነው። አጎት ብር ያስገባልሃል፣ ወረቀቱ ታትሞ ማኅተም ሲያርፍበት ብሩ በማግስቱ ወደ አጎት ይመለሳል። ባንኩም ያውቃል፣ ኤምባሲውም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ሁላችንም እያወቅን ተኮሳትረን እንፈራረማለን። «የንብረት ማስረጃ ካለህ አያይዝ፣ የቤት ካርታ ምናምን» ይሉሃል። አባቴ በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ እስካሁን እየጠበቀ ነው። እኔ ካርታ ከየት ላምጣ?

ከዚያ 90 ዩሮ ትከፍላለህ። እስከ ሰኔ 2016 80 ነበር። የአገልግሎቱ ክፍያ ለብቻው ነው። ቢከለከልም አይመለስም። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ይሄ 90 ዩሮ በብር ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን እያያችሁት ነው።

የባለፈው ዓመት ክልከላ ነው በጣም ያበሸቀኝ። በአንድ የአውሮፓ አገር በተጠራ የወጣት አረንጓዴዎች ስብሰባ ላይ ስለ ጎፋ ላቀርብ ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ ላይ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ያለቀበትን ታስታውሳላችሁ። የተቀበረውን ሊያወጣ በባዶ እጁ አፈር ሲቆፍር የነበረውን ሰው ሁለተኛው ናዳ መጥቶ ደረበበት። ከአካባቢው ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ሰምቼ፣ ፎቶ ሰብስቤ፣ አስፈቅጄ ነበር የተዘጋጀሁት። ፓስፖርቴን ልቀበል ስሄድ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል የታሸገ ፖስታ አሳልፋ ሰጠችኝ። ውስጡ አንድ ገጽ ቅጽ ነው። የተደረደሩ ምክንያቶች አሉ፣ ከፊታቸው ትናንሽ ሳጥን። አንዷ ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጓል። የቪዛው ጊዜ ሳያበቃ ከአባል አገራቱ ለመውጣት ባለዎት ሐሳብ ላይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ አለን ይላል። በቃ። ከዚያ በፊት ሄጄ የተመለስኩበት የመግቢያና የመውጫ ማኅተም እዚያው ፓስፖርት ላይ፣ እዚያው እጄ ላይ ነው።

አዘጋጆቹ በጣም አዘኑ። ማዘን ያውቁበታል። «በዙም ግባና አቅርብ» አሉኝ። ገባሁ። መብራት ጠፋ፣ በሞባይል ዳታ ተመልሼ ገባሁ። ድምፄን የዘጋው ሰው እስኪከፍትልኝ ካቀርብበት ጊዜ ግማሹ አለቀ። ካሜራው የአዳራሹን የኋላ ወንበሮች ነው የሚያሳየው። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቡና ይቀዳል። ስጨርስ ከማያቸው ወንበሮች የተወሰኑ እጆች አጨበጨቡ። መድረክ መሪዋ አመስግና «ከአፍሪካ የመጡ ድምፆችን መስማት እንዴት ደስ ይላል» አለች። የት መጣሁ? ሰፈሬ ነኝ እኮ!

አሁን ደግሞ የራሳችንንም ጉድ ላውራ። ሄደው የቀሩ አሉ። የስብሰባውን መግቢያ ባጅ እንኳን ሳይወስድ ከኤርፖርት የጠፋ ልጅ አውቃለሁ። አልፈርድበትም፣ ኑሮው ምን እንደነበር አውቃለሁ። ግን የሱ መቅረት በሚቀጥለው ዓመት በሚያመለክቱት ልጆች ፋይል ላይ እንደሚቆጠር ግልጽ ነው። የአበል አክቲቪስቶችም አሉ። አንድ ችግኝ ተክለው የማያውቁ፣ የመክፈቻው ቀን ፎቶ ተነሥተው በማግስቱ ገበያ ለገበያ የሚዞሩ። ከሁሉም የሚያሳፍረው ግን የምርጫው ነገር ነው። ከ2013 ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ 5 ወቅት ቀርቶ ከብቱ ያለቀው ቦረና ነው። በየመድረኩ ስለ ቦረና የምንናገረው ግን የቦሌ ልጆች ነን። እንግሊዝኛ እንችላለን፣ ኢንተርኔት አለን፣ ማመልከቻው መቼ እንደሚዘጋ የሚነግረን ጓደኛ አለን። ቪዛ ሲከለክሉን የምንጮኸውን ያህል በዚህ ላይ ስንጮህ አልሰማሁም።

ገንዘቡ ጋ ስንመጣ ያለውን አስማት ደግሞ ተመልከቱ። «ሙሉ ወጪህን እንሸፍናለን» ይልሃል ደብዳቤው። ታች በትንንሽ ፊደል ደግሞ ትኬቱን ራስህ ገዝተህ ስብሰባው ሲያልቅ እንተካልሃለን ይላል። በምን ልግዛው? ደመወዜ በብር ነው። የአንድ ዓመት ደመወዜን ብሰበስበው ለደርሶ መልስ ትኬት ይበቃ እንደሆነ እንጃ። አንዴ ተበድሬ ገዛሁ። ተመልሼ ስመጣ የተሳፈርኩበትን ቦርዲንግ ፓስ ዋናውን፣ የታክሲ ደረሰኝ፣ የምግብ ደረሰኝ አምጣ አሉኝ። እስቲ ሌሊት 9 ሰዓት ኤርፖርት ያደረሳችሁን የላዳ ሾፌር ደረሰኝ ጠይቁት። «ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» ነው የሚላችሁ። ብሩ የገባልኝ አበዳሪዬ ሰላምታ ካቆመ ከወራት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ አልፎ እዚያ ብትደርስም ሌላ ነገር ይጠብቅሃል። የሥነ ምህዳር ንጽሕና ፈተና ልበለው። የአውሮፓ ልጆች በባቡር መጥተው ይኮራሉ፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረው «በአውሮፕላን መጣህ?» ይሉኛል፣ እንደ ማዘን እያደረጋቸው። ከለቡ የሚነሣው ባቡር የሚያደርሰው ጅቡቲ ነው። ከዚያ ወዲያ ቀይ ባሕርን በዋና ልሻገር? መላው አፍሪካ ወደ አየር ከሚለቀቀው የዓለም በካይ ጋዝ 4 በመቶ እንኳን አይሞላም ይባላል፤ እነሱ ግን የኔን አንድ በረራ ይቆጥራሉ። አንዱ ደግሞ በምሳ ሰዓት ሥጋ መተው ምድርን እንዴት እንደሚያድን በትዕግሥት አስረዳኝ። የሰኔ ጾም ገብቶ ነበር። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን በሽሮና በምስር የሚያሳልፍ ሕዝብ መሃል ነው ያደግኩት፤ እናቴ ስሙን ሳታውቀው ቪጋን ሆና ኖራለች። ዝም ብዬ ሰማሁት። ሳንድዊቹ ጣዕም አልነበረውም፣ እሱን ግን አልነገርኩትም።

ፎቶው ላይ ግን እንፈለጋለን። መሃል ላይ፣ የአገር ልብስ ለብሰን። እሱም እስኪቆረጥ ነው። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ዳቮስ ላይ ኡጋንዳዊቷ የአየር ንብረት ተሟጋች ቫኔሳ ናካቴ ከእነ ግሬታ ቱንበርግ ጋር ቆማ ከተነሣችው ፎቶ ላይ የዜና ወኪሉ እሷን ብቻ ቆርጦ አውጥቷት ነበር። ከአምስቱ አፍሪካዊቷ እሷ ብቻ ነበረች።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለምትሉ፣ መልሱ ከባድ ነው ብዬ አላምንም። ደብዳቤውን በጥር ላኩት። ትኬቱን እናንተው ግዙት። ወይም ስብሰባውን ወደኛ አምጡት። ተደርጎ የማያውቅ ነገር አይደለም። የዓለም ወጣት አረንጓዴዎች ኅብረት ራሱ በ2007 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው እዚህ ጎረቤታችን ናይሮቢ ነው። የዓለም አረንጓዴዎች ጉባኤም በ2012 እ.ኤ.አ. ዳካር ላይ ተደርጓል። ጳጉሜን 2017 ላይ ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ሲካሄድ ማንም ሰው 45 ቀን ጠብቅ አላለኝም።

አሁን ደግሞ ኮፕ 32 በ2027 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሊሆን ነው። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን ብራዚል ቤሌም ላይ በ2025 እ.ኤ.አ. በተደረገው ኮፕ የሆነውንም አይተናል። አልጋ ጠፍቶ፣ ዋጋው ጣሪያ ነክቶ፣ የመርከብ ክፍል እስከ ማከራየት ተደረሰ። እኛ ደግሞ መርከብ የምናቆምበት ባሕር እንኳን የለንም። ከአሁኑ «ቤትህ ስንት ክፍል ነው?» የሚሉኝ የውጭ ጓደኞች አሉ። አከራዬም ዜናውን ሰምቷል፣ አነጋገሩ ተለውጧል።

የቦረናው ልጅ ለዚህኛው ሸንገን አያስፈልገውም። የአውቶቡስ ትኬት፣ ማደሪያና ባጅ ነው የሚያስፈልገው። ባጁ የሚሰጠው እውቅና ባላቸው ድርጅቶች ኮታ ነው። ከነሱ መሃል የኛው አገር ሰዎች የሚመሯቸው አሉ፤ አምባሳደርም ፈረንጅም አይደሉም፣ ስልካቸው እጃችን ላይ ነው። አንዱን ደውዬ ለገጠር ልጆች ስንት እንደተያዘ ጠየቅኩት። «ገና ነው፣ ምን አስቸኮለህ» አለኝ። ሌሎቻችሁም ደውሉና ጠይቁ።