ልብስ ሰፊው ቀድሞ አወቀ

ጥር ላይ ከአጎቴ ጋር ደብረ ብርሃን አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባን። የሱሪውን ወገብ ሊያስለቅቅ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛው። ሰፊው ስፌቱን ገልብጦ አየና «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ የሚለቀቅ ጨርቅ የለውም» አለው። ሜትሩን አዞረበት፤ 108 ሴንቲ ሜትር። አጎቴ ሳቀ። «ተመችቶኛል ማለት ነዋ!»

እኔ መሳቅ አቃተኝ። አጎቴ የግፊት መድኃኒት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። በየቀጠሮው ግፊቱ ይለካል፣ ክኒኑ ይሰጠዋል። ወገቡን የለካው ግን የለም። በእኛ አገር ብርድ ደግሞ ጋቢና ካፖርት ተደርቦ ቦርጭ መች ይታያል?

ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚሉት ነገር አለ። የወገብ ስፋት፣ ከፍ ያለ ግፊት፣ ከፍ ያለ ስኳር፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ መብዛት፣ የጥሩው ኮሌስትሮል ማነስ። ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ከተገኙ ለስኳር በሽታም ለልብ ሕመምም በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ለአፍሪካውያን በብዛት የሚሠራበት የወገብ ልክ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው።

የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ትርፍ አይደለም። እንደ ዕጢ ይሠራል፤ ሆርሞን ያመነጫል፣ ሆርሞን ይለውጣል። ስኳርን ከደም ወደ ሴሎች የሚያስገባው ሆርሞን ኢንሱሊን ነው፤ ስቡ ሰውነት የኢንሱሊንን ትእዛዝ እንዳይሰማ ያደርጋል። ቆሽት ደግሞ ኢንሱሊን እየጨመረ ይታገላል፣ እስኪደክመው።

ወንድ ላይ ይሄ ስብ የወንዱን ሆርሞን ቴስቶስትሮንን ወደ ሴቷ ሆርሞን ወደ ኢስትሮጅን ይቀይራል። ቴስቶስትሮን ሲያንስ ጡንቻ ይሳሳል፣ ቦርጭ ይጨምራል፤ ቦርጭ ሲጨምር ቴስቶስትሮኑ መልሶ ይወርዳል። ድካሙና የወሲብ ስሜት መቀዝቀዙ ከዚህም ሊመጣ ይችላል። ወንዶቻችን ይህንን ለሐኪም ከመንገር ሞትን ይመርጣሉ። አንዳንዱ በጓደኛ ምክር መርፌ ይፈልጋል። ሳይመረመሩ ቴስቶስትሮን መወጋት የወንድ ዘር መመረትን ሊያቆም እንደሚችል ማን በነገረው! ክብደት ሲቀንስ እኮ ሆርሞኑ ብዙ ጊዜ በራሱ ከፍ ይላል።

ሴት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ችግሩ ቴስቶስትሮን ሲበዛ ነው። የወር አበባዋ የሚዛባ፣ አገጯ ላይ ፀጉር የሚያበቅል፣ ፊቷ በብጉር የሚሞላ ልጅ በየቤታችን አለች። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ሊሆን ይችላል። ከፍ ያለው ኢንሱሊን እንቁልጢዋን እየገፋፋ የወንድ ሆርሞን ያስመርታታል፤ ቀጭን ሴትም ላይ ይከሰታል። እኛ ግን «ካገባች ይስተካከላል» ብለን እንሸፍናታለን። ይሄ ያናድደኛል። ጸበሉን አልቃወምም፣ ትሂድ። የስኳርና የሆርሞን ምርመራውም አብሮ ይሁን።

ካረጠች በኋላ ደግሞ ሌላ ነው። ኢስትሮጅን እያለ ስቡን ዳሌና ጭን ላይ ያስቀምጠው ነበር። ሲቀንስ ስቡ ወደ ሆድ ይዞራል። አክስቴ «የምበላው ያው ነው፣ ሆዴ ብቻ ከየት መጣ?» የምትለው እውነቷን ነው። ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» ብሎ ይመልስላታል። ግፊትና ስኳሯን መከታተል ያለባት ግን በዚሁ ዕድሜ ነው።

ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት ያሉ ጤና ጣቢያዎች ከግፊት መለኪያው ጎን አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ይስቀሉ። ዋጋው ከሻይና ዳቦ ብዙም አይርቅ። ቀበቶ በሚታሰርበት ሳይሆን፣ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት መሀል፣ ትንፋሽ ወጥቶ ይለካ። ሰፋ ብሎ የተገኘውን ስኳሩን እዩለት።

አጎቴን ባለፈው ሳምንት ቁርስ ሳይበላ ይዤው ሄድኩ። ስኳሩ 117 ሆነ። ከ100 ማለፍ አልነበረበትም፤ የስኳር በሽታ ለመባል ግን 126 አልደረሰም። ገና ጊዜ አለው። ቤት ገብተን ይህንን ስናወራ አክስቴ ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ አስቀመጠች።

«በል አንተ፣ ሜትሩን አምጣውና የእኔንም ለካ» አለችኝ።