ልጆቹን ከሶፋው ላይ አንሷቸው

ሰኔ ሲገባ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የሐበሻ ቤት ሁሉ ለኢትዮጵያ ጉዞ ሻንጣ በሻንጣ ይሆናል። ሚዛን ይወጣል። አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ እንዳያልፍ ቫይታሚኑ ከዚህኛው ወደዚያኛው ይዘዋወራል። የእገሌ ጫማ፣ የእገሊት ሽቶ፣ የጋሼ የስኳር መለኪያ፣ ሁሉም በስሙ ተጠቅልሏል። ልጆቹ እዚያ ሄደው ምን ያደርጋሉ የሚለውን ግን ማንም አያነሳውም። እኔም አላነሳሁትም ነበር።

የመጀመሪያው ጉዟችን ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ነበር። 19 ቤት ጠየቅን፤ ልጄ ቆጥራዋለች። በየቤቱ ነገሩ አንድ ነው። "እንዴት አድገዋል በሉ!" ይባላል፣ ጉንጫቸው ይሳማል፣ ለስላሳ ይከፈታል፣ ዶሮ ይቀርባል። "ብሉ እንጂ፣ አልጣፈጣችሁም እንዴ?" ከዚያ ትልቅ ከትልቅ ጋር ወሬውን ይቀጥላል። ልጆቹ ሶፋው ጥግ ላይ ስልካቸው ውስጥ ይገባሉ። ሜሪላንድ ተመልሰን አስተማሪዋ "ክረምቱ እንዴት ነበር?" ብትላት፣ የ12 ዓመቷ ልጄ "ብዙ ሰው ሳመኝ" ብላ መለሰች።

ያኔ ሳቅኩ። ኋላ ግን ከነከነኝ።

ላስቀይማችሁ እችላለሁ፣ ግን ልበለው፦ ለልጆቻችን ኢትዮጵያ ውጭ ሀገር ናት። "ሀገራቸው እኮ ነው" እንላለን። የኛ ሀገር ነው። እነሱ ሜሪላንድ ተወልደው ሜሪላንድ ነው ያደጉት። ቦሌ ሲደርሱ የሚያሳዩት ቪዛ ወይም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) የሚናገረውም ይህንኑ ነው። እንግዲያው አንድ ቤተሰብ ልጆቹን ፔሩ ወይም ሞሮኮ ሲወስድ የሚያስበውን እኛም ማሰብ አለብን። ምን ያያሉ? ምን ይነካሉ? የት ይደክማቸዋል? ምንስ ያስፈራቸዋል? ፍርሃት ስል ቀልዴን አይደለም። ትንሽ ልብ ድው ድው የሚያደርግ ነገር የሌለበት ጉዞ ልጅ ጋ አይቀመጥም።

በሚቀጥለው ክረምት ከሶፋው ላይ አምስት ቀን ሰርቀን ሐረር ሄድን። የእህቴን ልጅም ይዘን። እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በመኪና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ። (ድሬ ወባ አለ። አዲስ አበባ ስለሌለ እንዘነጋዋለን። ከመነሳታችሁ በፊት የልጆቹን ሐኪም ጠይቁ።)

ጀጎል፣ አሮጌዋ ሐረር፣ 48 ሄክታር ብትሆን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያስገነቡት ግንብ ዙሪያዋን ይዟታል፤ ውስጧ 82 መስጊድ አለ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ይህን ለ9 ዓመቱ ልጄ ብትነግሩት ያዛጋል። ስለዚህ አልነገርኩትም። በአንዱ በር አስገባሁትና "በል፣ በሌላኛው በር አውጣን" አልኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሦስቴ እዚያው የቲማቲም ጉሊት ጋ ተመልሰን መጣን። ሴትዮዋ በሦስተኛው ጊዜ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ከጠባቦቹ መንገዶች አንዷን "የዕርቅ መንገድ" ይሏታል። የተኳረፉ ሰዎች ፊት ለፊት ቢገጣጠሙ ሳይነካኩ ማለፍ አይችሉም። ልጆቼ ጠዋት ስለ ቻርጀር ተጣልተው ነበር። አንዷን በዚያ ጫፍ፣ አንዱን በዚህ ጫፍ አቆምኳቸው። ታረቁ አልልም። ግን እየተገፋፉ፣ እየሳቁ አለፉ። ማኪና ግርግር ላይ ደግሞ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ሲንገረገር ልጁ ድምፁን በስልኩ ቀዳው። የሰፈሩ ስም ከዚያ ድምፅ እንደመጣ ሲነገረው ሦስቴ አራቴ መልሶ ሰማው። ስልኩ በዚያ ጉዞ ከረባ ነገር ላይ የዋለው ያን ቀን ነው።

ማታ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከግንቡ ውጭ ወጣን። ጅብ የሚያበላው ሰውዬ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ቅርጫቱ ውስጥ የተቆራረጠ ሥጋ አለ። በስማቸው ይጠራቸዋል። መጀመሪያ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው፤ የመኪናው መብራት ሲያርፍበት አረንጓዴ ይመስላል። ቀጥሎ ሽታቸው ይመጣል። ከዚያ አንዷ፣ አንገቷ ወፍራም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ክንድ በምታህል ርቀት ትቆማለች። ሰውዬው ሥጋውን አጭር እንጨት ላይ ጠምጥሞ ለእህቴ ልጅ ሰጠው፤ ጅቧ ቀስ ብላ፣ በጨዋ ደንብ፣ ወሰደችው። ልጁ ሊደግም ሲል ልጄ እንጨቱን ቀማችውና ጮኸች፦ "ተራዬ ነው!"

በአማርኛ። ማንም ሳይጠይቃት። ዘጠኝ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት አመላልሻታለሁ።

ከጅቡ በላይ የገረመኝ እሱ ነው። ቋንቋው ከእኔ አልመጣም፤ ከአክስቷ ልጅ ነው የመጣው። መኪና ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ሲሰዳደቡ፣ ፈጢራ ሲሻሙ፣ ጀጎል ውስጥ ሲጠፉ ነው የተማረችው። ሶፋ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠናቸው በነበረ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም። አብረው የሚሠሩት ነገር አልነበራቸውማ።

"ዘመድ ይቀየማል" ትላላችሁ። ይቀየማል። ታላቅ እህቴ፣ እቴቴ፣ "አምስት ቀን? ገና ሳንጠግባችሁ?" ብላ ሁለት ቀን ፊት ነስታኝ ነበር። መድኃኒቱ ዘመድ መሸሽ አይደለም፤ ዘመዱን ጭኖ መሄድ ነው። ወጪውንም አውቃለሁ። የአራት ሰው ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ ኪስ ባዶ ነው። ግን ሒሳቡን እንየው፤ የከፋው ኪሳራ ያን ሁሉ ከፍሎ ሶፋ ላይ መቀመጥ ነው።

ላሊበላንና የስሜን ተራሮችን ለምን አላነሳህም የሚል ይኖራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ ውጊያ አለ፤ እኔ ልጆቼን ይዤ አልሄድም። ኦሮሚያም ውስጥ ቢሆን መንገድ ሁሉ እኩል አይደለም። ከመነሳት በፊት ቦታው ላይ ያለ ሰው፣ በተለይ መንገዱን የሚመላለስ ሹፌር፣ "በልጆችህ ትሄድበታለህ?" ተብሎ ይጠየቅ። ካመነታ ይቅር። ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ባሌን በክረምት አልመክርም፤ ጉምና ዝናብ ነው። እኛ በታኅሣሥ፣ ለፈረንጆቹ ገና እረፍት ሄድን። በሚኒባስ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እቴቴ ጋቢዋን ተከናንባ የፊት ወንበሩን ይዛ። ልጆቹ ከፍታውን እንዲለምዱት መጀመሪያ ዲንሾ አደርን። የደጋ አጋዘን ከባሌ ተራሮች ፓርክ ቢሮ አጠገብ እንደ ሰው በሬ ይግጣል። በማግስቱ ሳነቴ አምባ ላይ ወጣን፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ልጁ "ጭንቅላቴ" ማለት ሲጀምር ውሃ እያጠጣን ሩጫ ከለከልነው፤ ከባሰበት ለመመለስ ተዘጋጅተን ነበር። እቴቴ ከመኪናው አልወርድም አለች። "ብርዱን ለማየት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው?"

ቀድማ ያየችው ግን እሷ ናት። በመስኮቱ እየጠቆመች "ይቺ ውሻ እዚህ ምን ታደርጋለች?" አለች።

"ውሻ አይደለም፣ እቴቴ" አለ ልጁ። "ቀይ ቀበሮ ነው።" በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 እንደማይበልጡ ዲንሾ ሰምቶ ነበር። ቀበሮዋ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማለች፤ አንድ እግሯ ከመሬት ተነስቶ እንደቀረ። ሚኒባሱ ውስጥ የሚተነፍስ የለም። ዘለለች። አፈር ተበተነ። ፍልፈሉ የለም።

"ወይኔ!" ብላ እቴቴ ጭኗን መታች። ሹፌሩ ሞተር ሊያስነሳ ሲል ክንዱን ያዘችው። "ቆይ እንጂ! ይወጣል።"

40 ደቂቃ ጠበቅን።