ክርክር፦ ቴስቱ ከኮዱ ይቅደም?

ሁለቱም ተከራካሪዎች የድር መተግበሪያ በሚሠሩ ቡድኖች ውስጥ ኮድ ይጽፋሉ፤ እሷ ባክኤንድ (ከገጹ ጀርባ ሰርቨር ላይ የሚሠራውን)፣ እሱ ፍሮንትኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየውን ገጽ)። የቀረበላቸው ርእስ «የድር ቡድን ቴስቱን ከኮዱ አስቀድሞ መጻፍ አለበት» ይላል። ቴስት ኮዱ የታሰበውን መሥራቱን የሚፈትሽ አጭር ፕሮግራም ነው፤ እሱን ማስቀደም ቲዲዲ የሚባለው አሠራር ነው፦ መጀመሪያ የሚወድቅ ቴስት ይጻፋል፣ ቀጥሎ እሱን ለማሳለፍ ያህል ብቻ ኮድ ይጻፋል፣ ከዚያ ኮዱ ይጸዳል፣ እንደገና ይጀመራል። የሶፍትዌር ባለሙያው ኬንት ቤክ ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የተባለውን የሶፍትዌር አሠራር ዘዴ ሲያዋቅር ከ1990ዎቹ ወዲህ ያስፋፋው ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊዋ

ደንበኛ የቀጠሮ መያዣ ገጽ አዘዘ እንበል፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር እንዲታይ ይፈልጋል። ኮዱን ከመንካቴ በፊት አንድ ቴስት እጽፋለሁ፦ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሲገባ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ይውጣ። አስኬደዋለሁ፤ ኮድ ስለሌለ ይቀላል፣ ማለትም ወድቆ ቀይ ያሳያል (ሲያልፍ አረንጓዴ ነው)። ቀጥዬ፦ በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ይውጣ። ሦስተኛ፦ ተጠቃሚው ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሎ ቢሞላ ቅጹ አይቀበለው፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነውና።

ልብ በሉ፤ አንድ መስመር ኮድ ሳልጽፍ አስቸጋሪዎቹን ጥያቄዎች ጨርሻለሁ። ኮዱን መጀመሪያ የጻፈ ሰው ግን ምን ያደርጋል? የዛሬን ቀን ያስገባል፣ ልክ ሆኖ ያገኘዋል፣ ታስኩን ይዘጋል። ባጉ (የኮዱ ስሕተት) ዘመነ ሉቃስ እስኪያልቅ ተኝቶ ይጠብቀዋል፤ ያኔ ልጁ ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቷል።

ቁጥርም አለ። በ2008 የወጣ ጥናት ሦስት የማይክሮሶፍት ቡድኖችንና አንድ የአይቢኤም ቡድንን ተመልክቷል። ቴስት ያስቀደሙት፣ ከተመሳሳይ ፕሮጀክቶች ጋር ሲነጻጸሩ፣ በኮዳቸው ውስጥ የተገኘው የጉድለት መጠን ከ40 እስከ 90 በመቶ ያነሰ ነበር። የሥራው ጊዜ ከ15 እስከ 35 በመቶ ረዝሟል፤ አልደብቅም። እኔ እከፍለዋለሁ።

ተቃዋሚው

እህቴ፣ ምሳሌሽን በብልሃት መርጠሻል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ሒሳቡን ጨርሰው ያስረከቡን ጉዳይ ነው፤ ምን ሲገባ ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ ይታወቃል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ቴስት ማስቀደም ማንንም አይጎዳም።

የእኔ ውሎ ግን ሌላ ነው። ደንበኛው ገጹን አይቶ «ትንሽ ሞቅ ይበል» ይለኛል። ለ«ሞቅ ይበል» ምን ቴስት ልጻፍ? የሚፈልገውን የሚያውቀው ሲያየው ነው፤ እኔም እንደዚያው። ሠርቼ፣ አሳይቼ፣ አፍርሼ ነው ቅርጹን የማገኘው። ቴስት ባስቀድም ኖሮ ከገጹ ጋር ቴስቱንም አብሬ ሳፈርስ እውል ነበር።

አንድ ቁልፍ ላሳይሽ። በእንግሊዝኛው ገጽ «ሳይን አፕ» የሚለው ቁልፍ ላይ ዲዛይነሩ ቁመቱንም ስፋቱንም ቆርጦ ሰጠ። አማርኛው «አዲስ መለያ ይክፈቱ» ሆነ። ቴስቱ ቁልፉ መኖሩን፣ ሲነካም ቅጹን መላኩን ያረጋግጣል፤ አረንጓዴ። በጠባብ ስልክ ሲከፈት ጽሑፉ ሁለት መስመር ላይ ይሰበርና ታችኛው ቃል ይቆረጣል። ተጠቃሚው «አዲስ መለያ» የሚል አረፍተ ነገር ያልሞላ ሳጥን ያያል። ብዙዎቻችን ቴስቶቻችንን የምናስኬድበት ጄኤስዶም፣ ብራውዘርን የሚያስመስል መሣሪያ፣ የገጹን አቀማመጥ ጨርሶ አያሰላም፤ ስለዚህ ይህን ሊያይ አይችልም።

የድር መተግበሪያ መሥሪያው የሩቢ ኦን ሬይልስ ፈጣሪ ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን በ2014 ቲዲዲን ሲቃወም ያለው ሌላ ነገር አለ፦ ኮዱ ለቴስት እንዲመች ሲባል በማያስፈልግ ንብርብር ይበላሻል። በኋላ ከቤክና ከሶፍትዌር ጸሐፊው ማርቲን ፋውለር ጋር ተቀምጠው በሰፊው ተነጋግረውበታል። እኔም አይቼዋለሁ። ሦስት ሳጥን ብቻ ያለው ቅጽ፣ ዳታቤዙን በሐሰተኛ ለመተካት ሲባል ብቻ በተፈጠሩ ፋይሎች ተከቦ።

ጥናትሽን በተመለከተ፣ አራት ቡድን ነው፤ የጊዜው ጭማሪም የአለቆች ግምት እንጂ የተለካ አይደለም። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት 39 ባለሙያዎችን አይቶ፣ ጥራቱ ላይ ለውጥ የሚያመጣው ሥራውን በትንንሽና በተመጣጠኑ እርምጃዎች መከፋፈሉ እንጂ የቴስቱ መቅደም አይደለም ብሏል። ርእሱ «ቴስት ይኑር» ቢሆን እዚህ አልቆምም ነበር።

ደጋፊዋ

ትንንሽ እርምጃ ይበጃል ካልክ፣ ሐሙስ ማታ፣ ዴድላይኑ ዓርብ ሆኖ፣ ዴቨሎፐሩን በትንሹ እንዲራመድ የሚያስገድደው ምንድን ነው? ቴስቱን ማስቀደም ያስገድደዋል። «ቴስቱን በኋላ» ያለ ቡድን በኋላ የሚጽፈው የይቅርታ ኢሜይል ነው።

ስለ ቁልፉ ግን እውነትህን ነው፤ እሱን በዓይን ማየት ነው።

ተቃዋሚው

እንግዲያው ከአንቺው ሰፈር ልምጣ፤ የስልክ ቁጥር ማረጋገጫ። እዚህ አገር የሞባይል ቁጥር አሥር አሃዝ ሆኖ በ09 ይጀምራል ብለን ነበር የምንጽፈው። በ2022 ሳፋሪኮም በ07 ሥራ ጀመረ። «09 ብቻ» ብሎ የተጻፈ ቅጽ ሁሉ አዲሱን ደንበኛ «ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ» እያለ ይመልሳል።

ቴስቱ ቀድሞ ተጽፎ ቢሆንስ? «በ07 የሚጀምር አይቀበል» የሚል ቴስት ነበራ የሚኖረን! ጸሐፊው የማያውቀውን ቴስቱም አያውቀውም። እንዲያውም አንድ ጁኒየር ኮዱን ሊያስተካክል ቢሞክር ቴስቱ ይቀላበትና ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጡ ከዋናው ኮድ ጋር ይቀላቀል የሚለው ጥያቄ) ይመለስበታል።

ደጋፊዋ

ቴስት ነቢይ ነው ማን አለ? ደንቡ የተለወጠ ዕለት እኔ ያንን ቴስት ወደ «ይቀበል» እለውጠዋለሁ። ምዝገባው ይቀላል፣ የይለፍ ቃል መመለሻው ይቀላል፣ ክፍያውም ይቀላል። ያው ሕግ በሦስት ቦታ ተገልብጦ እንደተቀመጠ ከሰዓት በፊት አውቄ አስተካክላለሁ። አንተ ምዝገባውን አስተካክለህ ትለቀዋለህ፤ ክፍያው ላይ መቅረቱን የምትሰማው ከደንበኛ ነው።

ተቃዋሚው

ይህ ሁሉ ቴስቱ በመኖሩ የተገኘ ነው፤ ከኮዱ በፊት ይጻፍ በኋላ ምን ለወጠ? እኔም ገጹ ከረጋ በኋላ በፕሌይራይት በተባለ መሣሪያ፣ እውነተኛ ብራውዘር ላይ የሚሄዱ ቴስቶች እጽፋለሁ፤ ዴፕሎይ ከመደረጉ፣ ማለትም ለተጠቃሚ ከመለቀቁ፣ በፊት ይሄዳሉ። አስቀድሜ የምጽፈው ባግ ስጠግን ብቻ ነው፦ ባጉን የሚያሳይ ቴስት፣ ከዚያ ጥገናው።

ደጋፊዋ

ለምን እዚያ ላይ ታስቀድመዋለህ? ሲወድቅ ስላየኸው ነው የምታምነው። ኮዱ ካለቀ በኋላ ተጽፎ ገና በመጀመሪያው አረንጓዴ የሆነ ቴስት ምን እንደሚያረጋግጥ በምን ታውቃለህ? አንዲት አዌይት፣ ሥራው እስኪያልቅ ጠብቅ የምትለው ትእዛዝ፣ ተረስታ ማረጋገጫው ሳይደርስ ቴስቱ ያልቃል፤ «አለፈ» ይልሃል። ባዶ ቴስት ነው፣ ለዓመታት አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል። ኮድ ሪቪውም (የባልደረቦች ምርመራ) አያገኘውም፤ ማን የቴስትን ኮድ በጥሞና ያነባል? ወንድሜ፣ እነዚያ ገጹ ከረጋ በኋላ የጻፍካቸው ቴስቶችህ አንዴ እንኳ ቀልተው አይተሃቸዋል?

ተቃዋሚው

አይቻቸዋለሁ። ቴስቱን እንደጨረስኩ ከኮዱ አንዷን መስመር አጥፍቼ አስኬደዋለሁ፤ ካልቀላ ቴስቱን ጥዬ እንደገና እጽፈዋለሁ። ለዚህ የመላውን ቡድን የአሠራር ቅደም ተከተል መገልበጥ አያስፈልገኝም።