ገንፎው ለምን ከወሊድ በኋላ ብቻ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት።

በእኛ አገር ሴት ከወለደች በኋላ ንግሥት ናት። ገንፎው በቅቤ ይቀርብላታል፣ አጥሚቱ ይፈላላታል፣ አቅም ካለ በግ ይታረዳል። ጎረቤት "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ የሆነ ነገር ይዞ ይገባል። ደስ የሚል ባህል ነው፣ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ግን ልጠይቃችሁ፦ ባለፉት ዘጠኝ ወራት የት ነበራችሁ?

በዘጠኙ ወር ለዚችው ሴት የምንላትን ሁላችንም እናውቀዋለን። "አታብዢ፣ ልጁ ይተልቅና ምጥ ይጠናብሻል።" "እንቁላል ይቅርብሽ።" "ወተትና ሙዝ የልጁ ጭንቅላት ላይ ይለጠፋል።" ልጁ ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር እኮ የወተትም የሙዝም ትራፊ አይደለም። ወራት ሙሉ ውሃ ውስጥ የኖረ ቆዳው እንዳይጎዳ የራሱ ሰውነት የሚያመርተው ቅባት ነው። ሙዝ ቀምሳ የማታውቅ እናት ልጅም ይዞት ይወለዳል። አማቶች፣ አክስቶች፣ እባካችሁ ይሄን ነገር ተዉት።

የምጡ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሐኪም በሌለበት ዘመን ትልቅ ልጅ መውለድ ሞት ሊሆን ይችላል። አያቶቻችን የነበራቸው ዘዴ ልጁን አሳንሶ መውለድ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን የምጥ መፍትሔው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል መውለድ ነው፤ እናቲቱን ማስራብ አይደለም። ደሟ ያነሰ እናት እኮ ስትወልድ ትንሽ ደም ቢፈሳት እንኳ አደጋ ላይ ነች።

ክብደት እንዴት መጨመር እንዳለባት ልንገራችሁ። በብዙ አገር ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ልኬት በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው ነው። ከማርገዟ በፊት ክብደቷ መካከለኛ የነበረ ሴት እስክትወልድ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ትጨምራለች። ከሲታዋ ደግሞ ከ12.5 እስከ 18። ቀድሞም ወፈር ላለች ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ ይበቃታል፣ በጣም ወፍራም ለነበረች ከ5 እስከ 9። ከዚህ ውስጥ ልጁ ሦስት ኪሎ ምናምን ቢሆን ነው። ሌላው የእንግዴ ልጁ፣ የሽርት ውሃው፣ የጨመረው ደሟ፣ ያደገው ማህፀኗና ለማጥባት የምታጠራቅመው ስብ ነው። ስለዚህ "ወይ ጉድ፣ እንዴት ወፈርሽ!" እያላችሁ አታሸማቅቋት።

አሁን ወደ ልጁ አእምሮ እንምጣ። የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መነሻ የሆነው ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። ብዙ ሴት በዚያ ጊዜ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ከእርግዝና በፊት ይጀመር የሚባለው ለዚህ ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ አንጎሉ በፍጥነት ያድጋል። ለዚያ ጉልበት፣ ፕሮቲን፣ አይረንና አዮዲን ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። እናቲቱ ክብደት ካልጨመረች ልጁ ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ይሰፋል። እንዲህ የተወለደ ሁሉ በትምህርት ይሰንፋል ማለት አይደለም። ግን ሩጫውን ወደ ኋላ ቀርቶ ይጀምራል።

"እናቶቻችን በባዶ ሆድ ወልደውን ይኸው ሰው ሆነን የለ?" ትሉኛላችሁ። ጥሩ ክርክር ነው፣ መልስም አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እና 45 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ በምዕራብ ሆላንድ ከባድ ረሃብ ገባ። የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። በዚያ ወቅት ማህፀን ውስጥ የነበሩ ወንዶች በ19 ዓመታቸው ለውትድርና ሲፈተኑ የማሰብ ችሎታቸው ከሌላው ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። አያችሁ፣ የማይመቸኝንም ማስረጃ አልደብቃችሁም። ግን እነዚያ የሆላንድ እናቶች ከረሃቡ በፊት ደህና በልተው የኖሩ ናቸው። ረሃቡም ወራት ቆይቶ አለፈ፣ ልጆቻቸውም ጠግበው አደጉ። የእኛዋ እናትስ? በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 ከመቶዎቹ ከመጠን በላይ ከሲታ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናትም 38 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከሲታ ሆና ታረግዛለች፣ ሳይጨመርላት ትወልዳለች፣ ልጁም ሳይጠግብ ያድጋል። "ልጅ በእድሉ ያድጋል" ስንል ይሄንን ሁሉ እድል ላይ አላከክነው ማለት ነው።

ኑሮ ተወዷል፣ አውቃለሁ። እንቁላል አሁን የሀብታም ምግብ ሆኗል። የተባለው ግን ድግስ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሁሌም የሚሉት ነፍሰ ጡር በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ትብላ ነው። ሽሮውን ወፈር ማድረግ፣ ምስርና ጎመን መጨመር፣ ከሰዓት ላይ ቅንጬ ወይም በሶ መስጠት ይቻላል። ሙሉ ጄሪካን ከወንዝ የሚሸከምላት ሰው መገኘትም ምግብ ነው፤ በሸክም የምታቃጥለው ይተርፍላታል። ደግሞ ባልና እንግዳ ከበሉ በኋላ የተረፈውን እንድትበላ አትተዉት።

ጾምን ላንሳ፣ በአክብሮት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት እንደማትገደድ ካህናቱ ራሳቸው ያስተምራሉ። በእስልምናም ለራሷ ወይም ለልጇ የሰጋች ነፍሰ ጡር እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። የሚያስጾማት ብዙ ጊዜ የጎረቤት አፍ ነው። አፋችሁን ሰብስቡ። እሷም የንስሐ አባቷን ትጠይቅ።

የከተማና የውጭ አገር ወገኖቼ፣ እናንተም ከቁጣው አታመልጡም። "ለሁለት ብዪ" እያላችሁ ኬክና ለስላሳ የምታጠግቧት እናንተ ናችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይህ ነው የሚባል ተጨማሪ ምግብ አያስፈልጋትም። ከዚያ በኋላም በቀን 340፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት 450 ካሎሪ ገደማ ነው፤ አንድ መለስተኛ ምግብ ማለት ነው። ከልክ በላይ መወፈር ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለኦፕራሲዮን ያጋልጣል። ፊኛ ተሰቅሎ ቤቢ ሻወር መደገሱን አልቃወምም፣ ግን በሦስተኛው ወር ክትትል ጀምራለች ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል?

እርግዝናን ከሰው ዓይን ለመደበቅ ሲባል ክትትል ሆድ እስኪገፋ ይዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ ስምንት ጊዜ ትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12 ሳምንት በፊት ይሁን ይላል። ከሰው መደበቅ ካለባችሁ ደብቁ፣ ከአዋላጇ ግን አትደብቁ። በሄደች ቁጥር ሚዛን ላይ ትውጣ፣ ካርዷ ላይም ይጻፍላት።

ጨውም አለ። የአዮዲን እጥረት በዓለም ላይ የአእምሮ ዝግመትን ከሚያመጡና መከላከል ከሚቻሉ ምክንያቶች ዋነኛው ነው። አገራችን ጨው አዮዲን እንዲገባበት በ2011 እ.ኤ.አ. ደንብ አውጥታ አስገድዳለች። ፀሐይ ላይ በተከፈተ ጆንያ የሚሸጠውን ትታችሁ የታሸገውን ግዙ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም ጨምሩት።

አባወራዎች፣ መጨረሻ ላይ ያመጣኋችሁ ረስቻችሁ አይደለም። ከጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጣት የአይረን ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ያቅለሸልሻታል፣ ትረሳዋለች። ከምግብ ጋር ብትወስደው ይቀልላታል፣ ከቡናና ሻይ ግን ይራቅ፤ ሰውነቷ አይረኑን እንዳይወስድ ያደርጋሉ። የአርሰናልን ጨዋታ ሰዓት ሳታዛንፉ የምታውቁ ሰዎች ኪኒኑን ማስታወስ አያቅታችሁም። ዛሬ ማታ ጀምሩ።